አምስት መቶ ያልሞላ ጎጥ

የህንድን የ2011 የሕዝብ ቆጠራ የመንደር መዝገብ የከፈትኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ ከዘጋሁት በኋላ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ረድፍ ይሰጣል። መጀመሪያ ሰው ይመጣል፦ ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት። ወደ ቀኝ እየሄዱ ሲያነቡ መንገድና መጓጓዣ ጋ ይደረሳል፦ የመንግሥት አውቶቡስ፣ የግል አውቶቡስ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ባጃጅ፣ ታክሲ፣ ትራክተር፣ በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ፣ ጀልባ። ካለ «አለ» ይባላል። ከሌለ በፊደል ምልክት ይታለፋል፤ አንዱ ፊደል አገልግሎቱ ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይገኛል ማለት ነው፣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከ10 በላይ። በቃ። አውቶቡሱ በቀን ስንቴ እንደሚመጣ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ማታ ይመለስ አይመለስ፣ ዝናብ ሲመጣ ይቅር አይቅር የሚጠይቅ ዓምድ የለም።

ከዚህ ጉድለት ይልቅ የቆረቆረኝ የሁለቱ ዓምዶች ዝምድና ነው። የሰው ቁጥሩ መንገድ ይወስናል፤ መንገዱም ዞሮ የሰው ቁጥሩን ይወስናል። ትንሽ ጎጥ እዚህ ዙሪት ውስጥ ስትገባ ምን እንደሚገጥማት ማሰብ ፈልጌያለሁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድምሩ የሚቆምበት ቦታ

ህንድ ለገጠር መንገድ ትልቁን ሥራ የጀመረችው በጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ጊዜ፣ ዲሴምበር 25 ቀን 2000 ነው። ፕሮግራሙ ፕራዳን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጅና ይባላል። መስፈርቱ አጭር ነው። በሜዳማ አካባቢ 500 እና ከዚያ በላይ፣ በተራራማ፣ በበረሃማና የጎሳ ማኅበረሰቦች በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ደግሞ 250 እና ከዚያ በላይ ሰው ያለው፣ መንገድ ያልደረሰው ጎጥ ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ይገናኝ ይላል። በኋላ የማኦይስት ታጣቂዎች በብዛት በሚንቀሳቀሱባቸው ወረዳዎች መነሻው ወደ 100 ወርዷል። ተራው የሚጀምረው 1,000 ከሞላው ነው፤ 500 ያለው ቀጥሎ ይመጣል።

የሚቆጠረው ጎጥ መሆኑን ልብ ይሏል። የህንድ መንደር በመዝገብ አንድ ስም ይኑረው እንጂ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ የተበታተነ ነው። ዋናው ሰፈር አንድ ቦታ ይሆናል፣ የዳሊቶቹ፣ ማለትም ከሁሉ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ወገኖች፣ ሰፈር ከወንዝ ማዶ፣ ሌሎች ጥቂት ቤቶች ደግሞ እርሻው ጫፍ ላይ። ቢሃር በተባለው ክልል ውስጥ እንዲህ ያለውን ቁራጭ ሰፈር ቶላ ይሉታል። በቆጠራው መዝገብ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ረድፍ ይጠቃለላሉ፤ አስፋልቱ ዋናው ሰፈር ከደረሰ መንደሩ በሙሉ «አለው» ይባላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ወደ ጎጥ መውረዱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግን ወደ ጎጥ ሲወርዱ ቁጥሩም አብሮ ያንሳል።

ለዚህ መመሪያው መላ አበጅቷል። በ500 ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ ያሉ ጎጦች ሕዝባቸው ተደምሮ ሊቆጠር ይችላል፤ በተራራማ ቦታ ርቀቱ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ብቻውን የማይሞላው ከጎረቤቱ ጋር ይሞላል።

አሁን ዝርዝሩ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚዘጋጅበትን ሰዓት እናስብ። ሦስት ጎጦች አሉ እንበል፤ አንዱ 310፣ ሌላው 140፣ ሦስተኛው 90 ሰው አለው። ሦስቱ ሲደመሩ 540 ናቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 400 ሜትር ቢርቅ፣ ሦስተኛው ግን ከሁለቱም 650 ሜትር ቢርቅ፣ ድምሩ 450 ላይ ይቆማል። አንድ መቶ ሃምሳ ሜትር 540ውንም ሰው አስቀረ። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ ሰው በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ታዲያ በየትኛው ወቅት በሚሄድበት? በበጋ ደረቁን ጅረት አቋርጦ 400 ሜትር የሆነው መንገድ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሞንሱኑ ሲወርድ በድልድይ ዞሮ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለመደመር የበጋው ርቀት ይጠቅማል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ጉዞ የሚናገረው የክረምቱ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በእኛ አገር ሲጀመር መነሻው ቀበሌ ነበር። ቀበሌ ሲባል በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ህንድ ላይ ያለው የ500 ሰው ጣጣ አይገጥመንም። በምትኩ መንገዱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋ ሲደርስ ቀበሌው በሙሉ እንደ ተገናኘ ይቆጠራል፤ ከጽሕፈት ቤቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቀው ጎጥም አብሮ። ሰፊ አሃድ የሩቁን ይደብቃል፣ ጠባብ አሃድ የትንሹን ይጥላል። እኔ ጠባቡን እመርጣለሁ፤ የተጣለው ቢያንስ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይታያል።

የየትኛው ዓመት ሰው?

ቁጥሩ ራሱ ዕድሜ አለው። የፕሮግራሙ መስፈርት የቆመው በ2001 ቆጠራ ላይ ነው። በ2011 ሌላ ቆጠራ ተደረገ፤ የገጠሩ ሕዝብ ከ742 ሚሊዮን ወደ 833 ሚሊዮን አደገ። በ2001 470 ሰው የነበረው ጎጥ በ2011 520 ቢሆን እንኳ ብቁ የሚያደርገው የድሮው ቁጥር ሆኖ ቆየ። የ2011 ቁጥር መስፈርት የሆነው መንግሥት አራተኛውን ምዕራፍ ባጸደቀበት በሴፕቴምበር 2024 ነው፤ 25,000 ጎጦችን በ62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ እስከ 2029 ለማገናኘት። በ2001 የተወለደች ልጅ ያን ጊዜ 23 ዓመቷ ነው። የልጅነቷን፣ የትምህርቷን፣ ምናልባትም የመጀመሪያ ምጧን ጊዜ መንገድ ሳይኖር አሳልፋለች ማለት ነው። አንዳንድ ክልሎች ክፍተቱን በራሳቸው ገንዘብ ለመሙላት ሞክረዋል፤ ቢሃር ከ250 እስከ 499 ሰው ላላቸው ጎጦች የራሱን ፕሮግራም አውጥቷል፣ በኋላም ወደ 100 ሰው ቶላዎች ወርዷል።

ከዚህ የሚብሰው ማን እንደተቆጠረ ነው። የ2011 ቆጠራ ሰው የቆጠረው ከፌብሩዋሪ 9 እስከ 28 ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከቤቱ ጨርሶ ያልነበረ ሰው በቤቱ አይቆጠርም፤ ባለበት ቦታ ነው የሚቆጠረው። ፌብሩዋሪ ደግሞ በማሃራሽትራ ክልል የሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ወቅት ነው። የዚሁ ክልል ክፍል ከሆነችው ከማራትዋዳ፣ በተለይ ከቢድ አውራጃ፣ ቤተሰቦች ባልና ሚስት ሆነው በኦክቶበርና በኖቬምበር ይወጡና ማርች ኤፕሪል ላይ ይመለሳሉ። ጡብ ፋብሪካ የሚሄዱትም በዚያው ሰሞን ከቤታቸው የሉም። ቆጣሪው ሲመጣ ጎጡ ውስጥ የሚያገኘው ሽማግሌዎችንና ትምህርት ላለማቋረጥ የቀሩትን ልጆች ነው። 560 ሰው ያለው ጎጥ 480 ሆኖ ቢመዘገብ ቆጣሪው አላጠፋም፤ ሰዎቹ በእርግጥ የሉም። የሌሉት ግን መተዳደሪያ ፍለጋ ነው፣ መተዳደሪያው የራቃቸው ደግሞ በከፊል በመንገድ እጦት ነው። መንገዱን ያሳጣቸው የራሳቸው ስደት ይሆናል።

ዙሪቱ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ሂማላያ ሥር ያለችውን ኡታራካንድ ማየት ነው። ክልሉ በ2017 ስለ ገጠር ፍልሰት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከ2011 ወዲህ 734 መንደሮች ሰው አልባ ሆነዋል አለ። ሰዎቹ የሄዱት በመንገድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሥራ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ፍለጋ ነው። ግን ሦስቱም መንገድ የሚጠይቁ ናቸው። አስተማሪው መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ለመቆየት ይቸገራል፣ መድኃኒቱ አይደርስም፣ ምርቱ አይወርድም። ሰው በወጣ ቁጥር ጎጡ ከ250 በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ይሠራ ቢባል «ለማን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው እዚህ ላይ በቁጥር ይታያል።

ከሬንጁ ሥር

ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ሲባል ብዙ ሰው አስፋልት ይታየዋል። የፕሮግራሙ መመሪያ ግን መንገዱ በሁሉም ወቅት የሚያሳልፍ፣ ውሃው በቱቦና በትናንሽ ድልድዮች በደንብ የሚወጣለት ይሁን ይላል እንጂ ሬንጅ የግድ አይልም። ይህን ትርጓሜ እወደዋለሁ፤ የገጠር መንገድን የሚገድለው ውሃ ነውና።

ወደ አንድ ጎጥ ብቻ የሚገባ መንገድ ጠቅላላ ስፋቱ 6 ሜትር ነው። የሚነጠፈው 3.75 ሜትሩ ነው፤ በቀን ከ100 ያነሰ ተሽከርካሪ የሚሄድበት ከሆነ ወደ 3 ሜትር ሊጠብ ይችላል። ከተጠቀጠቀው አፈር በላይ የጠጠርና የአሸዋ ድልድል ይመጣል፤ በላዩ የተፈጨ ድንጋይ በሁለት ዙር ይነጠፋል፣ እያንዳንዱ ዙር ተጠቅጥቆ 75 ሚሊ ሜትር። የመጨረሻው የሬንጅ ልባስ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ይህች ልባስ ጭነት አትሸከምም። ሥራዋ እንደ አክንባሎ መክደን ነው። ውሃ ከላይ እንዳይገባ ትከለክላለች፤ ከጎንና ከሥር የሚመጣውን ግን አታስቆምም።

የሚበላሸውም በሚታወቅ ቦታ ነው። 3 ሜትር መንገድ ላይ አውቶቡስና ትራክተር ሲገናኙ ሁለቱም አንድ አንድ ጎማቸውን ወደ ትከሻው ያወርዳሉ። ትከሻው አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይቦረቦራል፣ ከሬንጁ ጠርዝ አራት አምስት ጣት ዝቅ ይላል፣ ጠርዙም ደገፋ ያጣና እየተቆረሰ ይሄዳል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከሬንጁ ሥር የነበረው የተፈጨ ድንጋይ እየተፈለቀቀ ወደ ቦዩ ተንከባሎ ይታያል። ቦዩ በድንጋይ ሲሞላ ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል። በማሃራሽትራና በማድያ ፕራዴሽ ሰፊ ቦታ የያዘው መረሬ አፈር ደግሞ ክረምት አብጦ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከሥር በቂ የጠጠር ንጣፍ ካልገባ መንገዱ ርዝመቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ገበሬው ውሃ ከማሳ ወደ ማሳ ለማሻገር መንገዱን ቆርጦ ቧንቧ ይቀብርና በጭቃ ይደፍናል። ለባጃጅና ለጂፕ ታስቦ በተሠራው ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ይመጣል።

ቱቦው ከሁሉ ይብሳል። ዲያሜትሩ ጠበብ ያለ ቱቦ ሲገዛ ገንዘብ ይተርፋል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ቅጠልና ግንድ ይወትፈዋል፣ ውሃው በላዩ ዘሎ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጎጡ ውስጥ በሚያልፈው ክፍል መመሪያው በሬንጅ ፈንታ ኮንክሪት ከነቦዩ እንዲሆን የሚያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከየቤቱ የሚፈሰው እጣቢ ሬንጁን ይበላዋል።

መንገዱን የሠራው ኮንትራክተር ለአምስት ዓመት የመጠገን ግዴታ አለበት። መንገዱ ዳር በሚተከለው ሰሌዳ ላይ ርዝመቱ፣ ወጪውና ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ይጻፋል፤ ከ2015 ጀምሮም ሜሪ ሳዳክ በተባለ የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አንስቶ አቤት ማለት ይቻላል። ጎጦቹን የምመክረው ሰሌዳውን እንዲያነቡና አምስቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ከሞንሱኑ በፊት፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ነው። ከአምስት ዓመቱ በኋላ ጥገናው በክልሉ በጀት ላይ ይወድቃል፤ በጀት ሲቆረጥ ደግሞ በቀን 40 ተሽከርካሪ የሚሄድበት መንገድ ተሟጋች የለውም።

መንገዱ ደረሰ፤ መኪናውስ?

600 ሰው ያለበትን ጎጥ እንውሰድ። በተራ ቀን ከ20 ሰው አንዱ ወደ ከተማ ይወጣል ብንል 30 ሰው ነው። 30 ሰው ለአውቶቡስ አያንስም። ግን ሠላሳው በአንድ ሰዓት አይወጣም፤ ወተት የሚያደርሰው ጎህ ሳይቀድ፣ ተማሪውና የቀን ሠራተኛው በማለዳ፣ በሽተኛው ፀሐይ ስትወጣ፣ ባንክ ጉዳይ ያለው ረፋድ ላይ ነው። በየሰዓቱ ሲከፋፈል አምስት ስድስት ሰው ይሆናል። ስለዚህ የሚመጣው ጂፕ ነው፤ ጂፑ ደግሞ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሲሞላ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በገበያ ቀን ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ይጫናል፤ በማግስቱ ጂፑ ራሱ ላይመጣ ይችላል።

ሕጉም አልረዳም። የ1988 የሞተር ተሽከርካሪ ሕግ በመስመር ላይ እየጫነና እያወረደ ለሚሄደው አንድ ዓይነት ፈቃድ፣ በኮንትራት ለሚሄደው ሌላ ፈቃድ ይሰጣል። ብዙ የገጠር ጂፕ የኮንትራት ፈቃድ ይዞ በመስመር ይሠራል። ፍተሻ ባለበት ቀን ይሰወራል፣ ታሪፉ የሾፌሩ ነው፣ አደጋ ሲደርስ የመድን ክፍያው ክርክር ውስጥ ይገባል። ማድያ ፕራዴሽ በ2005 የክልሉን የአውቶቡስ ድርጅት ስትዘጋ ትናንሾቹ ጎጦች ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ተተዉ።

ማሃራሽትራ ውስጥ ያለ አንድ አሠራር ግን ደስ ያሰኘኛል። የክልሉ አውቶቡስ ማታ የመጨረሻ ጉዞውን አድርጎ ሾፌሩና ረዳቱ መንደሩ ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ከዚያው ይነሳሉ። ከተማ ያደረ አውቶቡስ መንደሩ የሚደርሰው የትምህርት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ መንደር ያደረው ግን ተማሪዎቹን ይዞ ይወጣል። በኪሎ ሜትርም በነዳጅም እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚያድርበት ቦታ ነው። ከመንደሩ የሚፈለገው የሚቆለፍ አንድ ክፍል፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነው፤ ይህን ሳያሟሉ ሠራተኛውን እደር ማለት ስምሪቱን በገዛ እጅ ማዘጋት ነው። ማሃራሽትራ በ2023 ለሴቶች በእነዚህ አውቶቡሶች ላይ ታሪፉን በግማሽ ቀንሳለች፣ ካርናታካም በዚያው ዓመት በነፃ አድርጋለች። ቅናሹ ግን የሚደርሰው የመንግሥት አውቶቡስ የሚደርስባት ሴት ጋ ብቻ ነው። በጂፕ የምትሄደው ሙሉ ትከፍላለች።

ቢሃር በ2006 ሌላ መንገድ ሞከረች፤ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች ብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ሰጠች። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ ባጠኑት መሠረት የሴት ልጆቹ ምዝገባ በ32 በመቶ ጨመረ፣ ከወንዶቹ ጋር የነበረው ልዩነትም በ40 በመቶ ጠበበ። ጭማሪው ጎልቶ የታየው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ብስክሌት እስኪሞላ አይጠብቅም። በቡድን ሲሄዱም ልጆቹ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

በሽተኛ ሲሆን ግን ብስክሌት አይበቃም። በስልክ ቁጥር 108 የሚጠራው አምቡላንስ የሚቆመው መንገዱ ባለቀበት ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ምሥራቃዊ ተራሮች ምጥ የያዛትን ሴት እስከዚያ ድረስ በዶሊ ያወርዷታል፤ በቀርከሃ ዘንግ ላይ የታሰረ ጨርቅ ነው፣ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ በትከሻው ይይዛል፣ ሌሎች ለመቀያየር ይከተላሉ። ቃሬዛን የሚያውቅ ሰው ስንት ጎልማሳ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ጎልማሶቹ አገዳ ቆረጣ ወይም ጡብ ሥራ በሄዱበት ወር የሚሸከም ይጠፋል። የሕዝብ ቁጥር ማነስ እዚህ ላይ የሚለካው በትከሻ ነው።

ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ በ2020 ባሳተሙት ጥናት የ500ን እና የ1,000ን ወሰን ተጠቅመው፣ ከወሰኑ ጥቂት ከፍና ጥቂት ዝቅ ያሉ መንደሮችን አነጻጽረዋል። አዲሱ መንገድ ሰዎችን ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ አሸጋግሯል፤ የምርት፣ የገቢና የንብረት ለውጡ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። አንዳንዶች ይህን ይዘው መንገድ አያዋጣም ይላሉ። እኔ ከውጤቱ የማነበው ሰው ቤቱ እያደረ ሥራ መመላለስ መቻሉን ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ በቤቱ ይቆጠራል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ምጥ ሲመጣ ትከሻው ቅርብ ነው። መንገዱ ሀብት ባያመጣ እንኳ ጎጡን ጎጥ አድርጎ ያቆየዋል።

በ2021 ሊደረግ የነበረው የህንድ ቆጠራ ዘግይቶ ማርች 1 ቀን 2027ን መነሻ አድርጎ እንዲሆን ተወስኗል፤ በረዶ በሚሸፍናቸው የሂማላያ አካባቢዎች ኦክቶበር 1 ቀን 2026። የአገዳ ቆራጮቹ ፌብሩዋሪ አሁንም እዚያው ነው። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ በሚመለሱበት ወር፣ ቢያንስ ለመንገድ ሥራ ሲባል፣ ጎጥ በጎጥ ሌላ ምዝገባ መደረግ አለበት። የመንደር መዝገቡ ሲዘጋጅ ደግሞ «አለ» እና «የለም» በሚለው ፈንታ ሦስት ጥያቄ ይግባ፦ የመጀመሪያው መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሳል፣ የመጨረሻው ማታ በስንት ሰዓት ይመለሳል፣ በክረምት ስንት ቀን ይቋረጣል። መልሱም ከዋናው ሰፈር ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቶላ ይሰብሰብ።